ሰንደርላንድ ማርክ 1 በ1/72፦ የሰኔ 1932 ዓ.ም. መልኩን በደሴ አየርና በደሴ ገበያ መሥራት

ጦሳ ሥር፣ ከደሴ፦

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ ያመጣልኝን የኢታለሪ ኩባንያ የፕላስቲክ ሞዴል ኪት (ተገጣጣሚ ዕቃ)፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ የሚያንሰውን የ1/72 ሾርት ሰንደርላንድ ማርክ 1 (የመጀመሪያው ዓይነት) ልጀምር ነውና፣ ምላጭ ከማንሣቴ በፊት ያሰብኩትን አቅርቤ ምክራችሁን መቀበል ፈለግሁ። ሥራው ሲያልቅ የሚቀመጠው እዚሁ ደሴ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስለሆነ፣ ተማሪ ፊቱ ቆሞ የሚመረምረው ዕቃ ነው የሚሆነው።

ይህን የባሕር አውሮፕላን የመረጥኩት ከታሪካችን ጋር ስለሚገናኝ ነው። የደሴ ልጅ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋ በጣሊያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መትረየስ እንደ ያዙ ሰምቷል፤ ከስደት ወደ አገራቸው ጉዞ የጀመሩበትን አውሮፕላን ግን የሚያውቅ ተማሪ እምብዛም አላጋጠመኝም። ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ፣ በዚያው ወር ፈረንሳይ እጅ በሰጠችበት ሰሞን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ አገር በሰንደርላንድ ተሳፍረው በማልታ በኩል አሌክሳንድሪያ ገቡ። ከዚያ ወደ ዋዲ ሐልፋና ወደ ካርቱም ተሻግረው፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን አፈር ረገጡ።

ስለዚህ ያወጣሁት ደንብ አንድ ነው፦ በሞዴሉ ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ በሰኔ 1932 ዓ.ም. በአንድ ሰንደርላንድ ላይ ሊታይ የሚችል መሆን አለበት። ሰንደርላንድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ነጭ ሆኖ በጀርባው ላይ የራዳር አንቴና እንደ እሾህ የተደረደረበትን ነው፤ ያ ግን የኋለኛው ዘመን መልኩ ነው። የእኔ አውሮፕላን ከላይ በባሕር ጦር ሁለት ቀለማት፣ ማለትም በኤክስትራ ዳርክ ሲ ግሬይና በዳርክ ስሌት ግሪን የተዥጎረጎረ፣ ከሥሩ ደግሞ የብር ቀለም የተቀባ ይሆናል። እውነተኛው ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 34.4 ሜትር፣ ርዝመቱ 26 ሜትር ስለነበር፣ በ1/72 ሲሠራ 48 ሴንቲሜትር በ36 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ መደርደሪያውን አስቀድሜ ለክቼ አዘጋጅቻለሁ።

የምጠይቃችሁ ስለ መገጣጠሙ፣ ስለ ቀለሙና ክረምቱ ሳይወጣ መቀባት ይቻል እንደሆነ ነው።

ባለ ወረንጦ፣ ከደሴ ፒያሳ፦

መምህር፣ ደንብዎን ወድጄዋለሁ። አብዛኛው ሞዴል የሚበላሸው በእጅ ስንፍና አይደለም፤ የሦስት ዓመት ልዩነት ያላቸው ነገሮች በአንድ አካል ላይ ሲሰበሰቡ ነው።

ስለ መገጣጠሙ አጥብቄ የምናገረው ስለ ክንፉና ስለ ሞተሮቹ ነው። ሰንደርላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1937 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ክንፉ ቀጥ ያለ ነበር። የጦር መሣሪያው ዕቅድ ተለውጦ ከጅራቱ ከባድ የመትረየስ ጉልላት ሲመጣ የክብደቱ ማዕከል ወደ ኋላ ስለሸሸ፣ መሐንዲሶቹ ክንፉን ከአራት ዲግሪ ጥቂት በሚበልጥ ማዕዘን ወደ ኋላ እንዲያዘነብል አደረጉት። በዚህ የተነሣ አራቱ የብሪስቶል ፔጋሰስ ሞተሮች ቀጥታ ወደ ፊት አያዩም፤ ጥቂት ወደ ውጭ ያፈነግጣሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ኪቱ የተሳሳተ መስሎት ሞተሮቹን በሞረድ ሊያቀና ይነሣል። እባክዎ አይንኳቸው፤ እንደዚያ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ጀርባው ነው። በማርክ 1 ላይ ከክንፉ በስተኋላ ያለው ጀርባ የመትረየስ ጉልላት የለውም፤ ተኳሾቹ ቆመው የሚተኩሱባቸው ሁለት ክፍት መስኮቶች ናቸው ያሉት፣ በእያንዳንዳቸውም አንድ የቪከርስ መትረየስ አለ። ጉልላቱ በጀርባው ላይ የወጣው ከማርክ 2 ጀምሮ ነው። ከሌላ ሞዴል የተረፈ ጉልላት ቢኖርዎት እንኳ ደንብዎን ካከበሩ ቦታ የለውም። የሆዱ ደረጃም ልዩነት አለው፦ አውሮፕላኑ ከውኃው እንዲላቀቅ የሚረዳው ይህ ደረጃ በማርክ 1 ላይ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሲሆን፣ በማርክ 3 ላይ ነው ለስላሳ የተደረገው። ኤርፊክስ የተባለው ኩባንያ የድሮ ኪት ማርክ 3 ስለሆነ ለእርስዎ ሥራ አይሆንም ነበር፤ ዘመድዎ ትክክለኛውን መርጠዋል።

የአፍንጫው ጉልላት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተት ነበር፤ መርከበኛው ከዚያ ቆሞ መልሕቅ የሚጥልበትና ገመድ የሚያስርበት ቦታ ነው። አውሮፕላኑን ውኃ ላይ ታስሮ ሊያሳዩት ካሰቡ ጉልላቱን ወደ ኋላ ጎትተው ያጣብቁት፤ ተማሪው ይህ ነገር አውሮፕላንም ጀልባም መሆኑን በአንድ እይታ ይረዳዋል። በሁለት ፎቅ የተሠራውን ውስጡን፣ አልጋውንና ማብሰያውን ግን አካሉ ከተዘጋ በኋላ ከአብራሪዎቹ ክፍል በቀር የሚያየው ስለሌለ ብዙ አይድከሙበት። የአብራሪዎቹን ክፍል በአረንጓዴ ግራጫ ቀብተው መቀመጫዎቹንና መሪዎቹን በጥንቃቄ ቢሠሩ ይበቃል፤ ጊዜዎን በጎን ላሉት ክብ መስኮቶች ያቆዩት። መስኮቶቹን በሱፐር ግሉ ካጣበቋቸው ጭሱ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል። በአናጢ ኮላ ያጣብቋቸው፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል።

ወይራ፣ ከደሴ፦

ሐሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ለተማሪዎች ከሆነ ካታሊና የተባለው የባሕር አውሮፕላን አይሻልም ወይ? ሁለት ሞተር ብቻ ስላለው ይቀላል፣ በ1/72 ክንፉ 44 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ከሰንደርላንድ ብዙም አያንስም፣ ዝናውም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1941 ከእንግሊዞች ዓይን የተሰወረውን የጀርመን ጦር መርከብ ቢስማርክን ያገኘው ካታሊና ነበር፤ በ1942 ወደ ሚድዌይ ይገሰግስ የነበረውን የጃፓን መርከብ ጓድ ያየውም እሱ ነው። ከእኛም ሩቅ አልነበረም፦ ከሞምባሳ እየተነሣ የሕንድ ውቅያኖስን ይጠብቅ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1943 ከማዳጋስካር በስተደቡብ ዩ 197 የተባለውን የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ያሰመጡትም ካታሊናዎች ናቸው።

ሰንደርላንድ ይሁን ከተባለም ነጩን ቀለም ለምን እንደሚንቁት አልገባኝም። በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነጭ አውሮፕላን ከሩቅ ይጠራል፤ ጥቁር ግራጫና ጥቁር አረንጓዴ ግን በዚያ በደብዛዛው ብርሃን እርስ በርሱ ይዋጣል።

ጦሳ ሥር፦

ጋሼ ወይራ፣ ስለ ካታሊና የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፣ እኔም አንድ ቀን እንደምሠራው ተስፋ አደርጋለሁ። ነገር ግን ቢስማርክንም ሚድዌይንም ለደሴ ተማሪ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስፈልገኛል። የሰንደርላንዱን ታሪክ ግን ግማሹን ከቤቱ ይዞት ይመጣል። አያቱ የጣሊያንን ዘመን ነግረውታል፣ ደሴም በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ከኮምቦልቻው ውጊያ በኋላ እንዴት እንደተለቀቀች ሰምቷል። አውሮፕላኑ በዚህ ታሪክ ውስጥ የጎደለውን አንድ ቦታ ይሞላል።

ነጩን የምንቀው ከውበቱ አይደለም። የእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ አዛዥ ክፍል አውሮፕላኖቹን ነጭ ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1941 ወዲህ ነው፤ በሰሜን አትላንቲክ ደመናማ ሰማይ ሥር ሰርጓጅ መርከቡ ላይ ያለው ጠባቂ ነጩን አውሮፕላን ዘግይቶ ስለሚያየው ነው። ይህ ራሱ ድንቅ ትምህርት ነው፣ ግን የሌላ ዓመት ትምህርት ነው። ለብርሃኑ ችግር መደርደሪያውን መስኮት አጠገብ አደርገዋለሁ፤ ቀለሞቹንም ከእውነተኛው ጥቂት አነጣቸዋለሁ።

ባለ ወረንጦ፦

ማንጣቱ ለብርሃኑ ብቻ ሳይሆን ለመጠኑም ያስፈልጋል። ሰባ ሁለት ጊዜ ባነሰ ነገር ላይ ከእውነተኛው ጣሳ የተቀዳ ቀለም ከመጠን በላይ ጠቁሮ ይታያል፤ በመካከላችንና በእውነተኛው አውሮፕላን መካከል የሚኖረው አየር ቀለሙን ያደበዝዘው ነበር፣ ከሞዴሉ ፊት ግን ያ አየር የለም። ለሁለቱም ቀለማት ጥቂት ብሩህ ግራጫ ይጨምሩባቸው። ንጹሕ ነጭ ብቻ ከጨመሩ አረንጓዴው የኖራ መልክ ያመጣል።

አሁን ስለ ዓርማዎቹ። ደንብዎ በጣም የሚጠቅመው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም የእንግሊዝ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 መጀመሪያ ላይ ዓርማውን ለውጧል። ከዚያ በፊት የነበረው አውሮፕላን በጅራቱ ላይ ባለሦስት ቀለም ምልክት አልነበረውም፤ በጎኑ ያለው ክብ ዓርማም ቢጫ ቀለበት አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ተጨመሩ። የእርስዎ ወር ከለውጡ በኋላ ስለሆነ፣ በጎኑ ላይ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና ቢጫ የሆነውን፣ በጅራቱ ላይ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊውን ምልክት፣ በክንፉ የላይኛው ገጽ ላይ ደግሞ ቀይና ሰማያዊ ብቻ የሆነውን ዓርማ ይምረጡ። ኪቱ ውስጥ ያለው ዲካል (ተለጣፊ ምልክት) የ1939 ከሆነ ቢጫውን ቀለበት በኮምፓስ ቆርጠው በሠሩት የወረቀት ፕላስተር ጭምብል መቀባት ይችላሉ፤ ለጅራቱ ምልክት ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች ብቻ ናቸው።

ሐይቅ ዳር፣ ከሐይቅ ከተማ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። መምህር በመግለጫው ላይ «ንጉሠ ነገሥቱ የተሳፈሩበት አውሮፕላን» ብለው ሊጽፉ ነው ወይስ እንዴት? ሁለተኛው፣ እንዲህ ያለ አውሮፕላን እኛ ሐይቅ ላይ ማረፍ ይችል ነበር ወይ?

ጦሳ ሥር፦

የመጀመሪያው ጥያቄህ ሳስብበት የሰነበትኩበት ነው። በመግለጫው ላይ የምጽፈው «ሾርት ሰንደርላንድ ማርክ 1፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ወደ ግብፅ የተጓዙበት ዓይነት አውሮፕላን» የሚል ነው። «ዓይነት» የምትለው ቃል መቅረት የለባትም። የፊደል ምልክቶቹን በሚመለከት፣ በኪቱ ውስጥ ካሉት ከአንዱ እውነተኛ አውሮፕላን ምልክት ሙሉውን እወስዳለሁ እንጂ ከዚህም ከዚያም አልቀላቅልም፣ ፊደል የሌለበት ባዶ አካልም አላቀርብም፤ በጦርነት ጊዜ መለያ ቁጥር የሌለው አውሮፕላን አልነበረምና።

ሁለተኛው ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። የእንግሊዙ አየር መንገድ የኢምፔሪያል ኤርዌይስ የባሕር አውሮፕላኖች፣ የሰንደርላንድ የቅርብ ዘመዶች የሆኑት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ባለው በኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ያርፉ ነበር። የእናንተ ሐይቅ ከፍታ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ማረፉ አያስቸግርም፤ ችግሩ መነሣቱ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣሉ፣ አውሮፕላኑም ረጅም ውኃ እየሰነጠቀ መሮጥ ይኖርበታል። በትምህርት ቤት ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ጥሩ ጥያቄ ነው።

ቀለም ቀቢው፣ ከኮምቦልቻ፦

እኔ የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ሞዴል የጀመርኩት ከዚያ ተነሥቼ ነው። መምህር ስለ ቀለሙ የጠየቁትን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ በጋራዥ የሚሠራውን በቀጥታ በፕላስቲክ ላይ መድገም ዕቃ ያጠፋል።

መጀመሪያ ክፍሎቹን ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ሳይቆርጡ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠቧቸው፤ ፋብሪካው ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቁ የሚቀባው ቅባት ካልወጣ ቀለም አይይዝም። በቤንዚን ግን በፍጹም አይጥረጉ፤ ፕላስቲኩ በውጥረት ላይ ባለበት ቦታ ይሰነጣጠቃል። መጋጠሚያዎቹን ለመሙላት የመኪና ስቱኮ መጠቀም ይቻላል፣ ግን በጣም በስሱ ነው፤ በወፍራሙ ከተመረገ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል፣ በኋላም ይሰረጉዳል። ለጠባብ ክፍተት ሱፐር ግሉ ሞልቶ በዚያው ቀን በውኃ በተነከረ ሺህ ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መላግ ይሻላል። ሳይላግ ካደረ ከፕላስቲኩ ይልቅ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ የሚላገው ሙጫው ሳይሆን በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ነው።

የመኪና ብር ቀለም ለሥሩ ይሆናል፣ እንዲያውም ቅንጣቱ ደቃቅ የሆነውን ከመረጡ ለሞዴል ተብሎ ከሚሸጠው አይተናነስም። ነገር ግን ቲነሩ ፕላስቲክ ይበላል። መፍትሔው መጀመሪያ ግራጫ ፕራይመር (መነሻ ቀለም) መንፋት፣ ቀጥሎም ብሩን እንደ ጉም በሳሳ ንፊት ደጋግሞ ማልበስ ነው፤ እያንዳንዱ ንፊት ሊደርቅ ሲል ሌላው ይከተላል፣ ገጹ ፈጽሞ እርጥብ ሆኖ ማብረቅረቅ የለበትም። ከፍሬሙ የተረፈ ፕላስቲክ ላይ ሳይሞክሩ ክንፉን አይንኩ። የኢታለሪው የገጽ መስመሮች ጠለቅ ያሉ ስለሆኑ ፕራይመሩ ጥቂት ቢሞላቸው ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። ለላይኞቹ ሁለት ቀለማት በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይጠቀሙ፤ ሥር ያለውን ብር አይነካውም። የሁለቱ ቀለማት ወሰን በ1/72 በጣም መደብዘዝ የለበትም፤ ጭምብሉን ከወረቀት ቆርጠው ከገጹ ጥቂት ከፍ አድርገው ቢይዙት የሚወጣው ጠርዝ ልክ ነው። የወረቀት ፕላስተሩን ብሩ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት መዳፍዎ ላይ ለጥፈው ያላቁት፤ ሙጫው ይቀንሳል፣ ብሩንም ይዞ አይነሣም።

አሁን ወደ ክረምቱ። ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ጉም ውስጥ ናት። በቲነር የቀጠነ ቀለም በእርጥብ አየር ሲነፋ ቲነሩ ተንኖ ገጹን ያቀዘቅዛል፤ የአየሩ እርጥበት በላዩ ላይ ይረግፍና ቀለሙ ወተት ይመስላል። በብር ላይ ይህ ከመጣ ከመላግ በቀር መድኃኒት የለውም። በዝግታ የሚደርቅ ቲነር ያስታግሰዋል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያስቀረውም። አክሪሊኩን ደሴ ላይ መቀባት ይችላሉ፤ ብሩን ግን ዝናብ በሌለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ እንንፋው፤ እዚህ ሞቃትና ደረቅ ያለ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። የደሴ ሰው ብርዱን ለመከላከል መስኮት ዘግቶ ከሰል ያስገባል። ቲነር በተነፋበት ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ቤቱን ያቃጥላል፤ የተዘጋው መስኮት ደግሞ ሳንባን ይጎዳል። ወይ ከሰሉ ወይ ቀለሙ፣ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር አይሁኑ። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ለኤርብረሽ (ለቀለም መንፊያው) የሚሆን አየር ከፈለጉ ሪም ላይ የተገጠመ የጭነት መኪና ጎማ ጎሚስታ ዘንድ አስሞልተው በመቆጣጠሪያ በኩል ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ባር አድርገው መጠቀም ይችላሉ፤ ድምፅም የለው።

ወይራ፦

ስለ ከሰሉ የተባለውን ሁሉም ሰው ያንብበው። ስለ ቀለሙም ተረትቻለሁ፤ መምህር፣ በያዙት ይቀጥሉ።

ቧንቧ ውሃ፣ ከደሴ፦

እኔ የሥዕል መምህርት ነኝ፣ ስለ መቆሚያው አንድ ሐሳብ አለኝ። ሰንደርላንድ የራሱ የማረፊያ ጎማ የለውም፤ በኪቱ ውስጥ የሚገኙት ጎማዎች ከውኃ ወደ የብስ ለማውጣት ሠራተኞቹ የሚያስሩለት መጎተቻ ናቸው። በጎማው ላይ ቢቆም ተማሪው ተራ አውሮፕላን ይመስለዋል። ውኃ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል፣ ውኃውንም ከዚህ ገበያ በሚገኝ ነገር መሥራት ይቻላል፦ ጣውላ ላይ ሶፍት ዘርግቶ በውኃ በቀጠነ ኮላ ማራስ፣ በብሩሽ እየገፉ ትንንሽ ሞገድ ማውጣት፣ ሲደርቅ መቀባት፣ በመጨረሻም የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ደጋግሞ መደረብ ነው። ሆዱ የሚቀመጥበትን ቦታ አስቀድመው በጣውላው ላይ ቦርቡሩት፤ ሆዱን ግን አይቁረጡት፣ ያ የሆድ ደረጃ ተነሥቶ መታየት ያለበት ነገር ነው።

የምትመርጡት ቦታ ቀለሙን ይወስናል። አሌክሳንድሪያ ከሆነ ውኃው ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ ነው። ዋዲ ሐልፋ ከሆነ ዓባይ ነው፣ ጎርፉ ሲጀምር የኢትዮጵያን አፈር ይዞ ስለሚወርድ ወደ ቡና ቀለም ይሄዳል። እኔ ብሆን ዋዲ ሐልፋን እመርጥ ነበር። ያቺ የድሮዋ ከተማ ዛሬ ከአስዋን ግድብ በስተኋላ በተኛው ሐይቅ ሥር ስለሆነች፣ ወንዙ ዳር የታሰረ አውሮፕላን ከነወደቡ የሚታየው በእንዲህ ያለ ሥራ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከሥር ያለው ብር ቀለም በቡናማ ውኃ ላይ ሲንጸባረቅ ከሰማያዊው ይልቅ ይጎላል።

ባለ ወረንጦ፦

ከእኅታችን ጋር እስማማለሁ፤ ዋዲ ሐልፋ ከተመረጠ ግን የአውሮፕላኑ እድፍ ከዚያ ጋር መስማማት አለበት። በውኃ ላይ ታስሮ የሚያድር አውሮፕላን በውኃው መስመር ላይ የአተላ ጠርዝ ይይዛል፣ ከባሕር የመጣም ስለሆነ ከመስመሩ በላይ ጥቂት የጨው ንጣት ይኖረዋል። በ1932 ዓ.ም. ይህ ዓይነት አውሮፕላን ገና ሁለት ዓመት ገደማ ያገለገለ ነበርና ቀለሙ የተላጠ አሮጌ አያስመስሉት። አንድ ቦታ ላይ ግን አይሳሱ፦ የፔጋሰስ ሞተር ጭሱን የሚሰበስበው ከሽፋኑ ፊት ባለ ቀለበት ነው፣ ያ ቀለበት በሙቀት ተቃጥሎ የነሐስና የቡና ቀለም ይይዛል። ብዙ ሰው እንደ ቀረው የሞተር ሽፋን በግራጫ ይቀባዋል። በመዳብ ቀለም ቀብተው በቀጭን ቡናማ ቢያጥቡት አራቱም ሞተሮች ነፍስ ይዘራሉ።

ጦሳ ሥር፦

ዋዲ ሐልፋን ወስኛለሁ፣ የአፍንጫውን ጉልላትም ወደ ኋላ ስቤ መልሕቅ ጣዩን ከፊት አቆማለሁ። እኅታችን ሞገዱን ለመሥራት ፈቃደኛ ከሆኑ ጣውላውን ከዋንዛ አስቆርጬ አመጣለሁ። የቀረኝ አንድ ችግር ነው። ብሩን ኮምቦልቻ ላይ የምንነፋ ከሆነ 48 ሴንቲሜትር ክንፍ ያለውን ዕቃ በሚኒባስ በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለት እንዴት አወርደዋለሁ? ክንፎቹን ሳላጣብቅ ባመጣቸው ደግሞ ከተቀቡ በኋላ መጋጠሚያውን ለመላግ እገደዳለሁ ብዬ እሰጋለሁ።

ቀለም ቀቢው፦

ሳያጣብቁ ያምጧቸው። አስቀድመው ደሴ ላይ ያለ ሙጫ ገጥመው ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ክፍተት እስከማይኖረው ድረስ በሞረድ ያስተካክሉት፤ ያን ካደረጉ ከቀለም በኋላ የሚላግ ነገር አይኖርም። እዚህ እንደ ደረሱ ክንፎቹን በፕላስተር ከውስጥ ይዘን ሙሉውን በአንድ ጊዜ እንነፋዋለን፣ የብሩ መልክም ከክንፍ ወደ አካል አይለያይም። የሚጣበቁበትን ገጽ ግን በፕላስተር ይሸፍኑልኝ፤ ሙጫው ቀለም ላይ ሳይሆን ፕላስቲኩ ላይ መያዝ አለበት። ከፍሬሙ የተረፈውንም ሁሉ ሳይጥሉ ይዘው ይምጡ፣ ቲነሩን መጀመሪያ የምንሞክረው በእሱ ላይ ነው።